የቀማሹ መነጽር

«ያዝልኝ ወንድሜ» አለ ቀማሹ መነጽሩን አውልቆ። «ባለፈው ተደፍቼ ሰበርኩት። ክኒኑ የጋሼ ነው፤ መነጽሩ ግን ከኪሴ ነው።»

ክር ተቀብሎ ደረት ኪሱ ከተተው። ክር የፖሊስ አለቆቹ ያወጡለት የምስጢር ስም ነው። እዚህ ቤት የሚያውቁት በጅምላ ገዢነቱ ነው።

የላውንደሪው ጓዳ በእንፋሎት ታፍኗል። በላስቲክ የተሸፈኑ ኮቶች ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። የቤቱ ባለቤት ጋሼ አንዲት ሰማያዊ የአደንዛዥ ዕፅ ክኒን ለቀማሹ አቀበለው። ገዢ ፊት ሳይቀመስ ዕቃ አይሸጥም። ደንቡ ነው።

ቀማሹ ዋጣት። ስለ ጋሼ ስስት ሌላ ቀልድ ጀመረ።

አልጨረሰውም።

ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተ። ከንፈሩ ጠቆረ። አንኮራፋ፤ ማንኮራፋቱም እየራቀ ሄደ።

«ይነሳል» አለ ጋሼ። «ልማዱ ነው።»

ክር ቀኝ ኪሱ ውስጥ በአፍንጫ የሚረጭ ማርከሻ አለው። ቢረጭለት ሊነሳ ይችላል። ግን መርዝ ሊገዛ የመጣ ሰው ማርከሻ ይዞ አይዞርም። ጋሼ ይህን አያጣውም፤ ሽጉጡም ከእጁ አይርቅም።

የዕቃ መጫኛ ላስመጣ ብሎ ስልኩን አወጣ።

«አጎቴ፣ መኪናዋን አስጠጋ።»

አጎት አለቃው ነው። መኪናዋ አምቡላንስ ናት። ጓሮ እንደምትቆም ጠዋት ምሎለታል።

«በር ላይ ናት። ኪስህን አትንካ» አለው አጎት።

ክር አልነካም።

ካውያው ተነፈሰ። ቀማሹ አልተነፈሰም።

ያኔ በሩ ተሰበረ። የገቡት መሣሪያ የያዙ ፖሊሶች ብቻ ናቸው። ጋሼ እጁን ሰቀለ። ክርንም ለይምሰል በካቴና አስረው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ጓሮው ውስጥ አጎት ብቻውን ቆሟል።

«አምቡላንሷስ?»

«አልጠራኋትም።» አጎት ካቴናውን ፈታለት። «በአዲሱ ሕግ መሸጥ ብቻ ከሆነ አምስት ዓመት ነው። ሰው ከሞተበት ዕድሜ ልክ። ጋሼ በአምስት ዓመት ቢወጣ ስንቱን ይጨርስ ነበር?»

ክር ወደ ጓዳው በር ዞረ። ምናልባት እውነቱን ነው። ጋሼ ሰው ገድሏል። አብሮት ቆሞ ስላየው ሰው ግን ሕጉ የሚለው ነገር የለም።

«ጎበዝ» አለ አጎት ትከሻውን መታ አድርጎ። «ነገ ሌላ ስም ይሰጥሃል።»

ክር አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠ። ቀኝ ኪሱን ዳሰሰ። የማርከሻው እሽግ አልተቀደደም። መነጽሩን አውጥቶ አደረገው። የሰው ፊት ሁሉ ተደበላለቀበት።

«ልክህ አይደለም ልጄ» አሉት ከጎኑ የተቀመጡ እናት።

«የወንድሜ ነው» አለ።

የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወርዶ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀለ።