ያልጨበጠው እጅ

ቤተሰብ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁን ነገር ከሩቅ የሰማሁት ወሬ አይደለም። ገመዱን ይዤ ከታች ቆሜ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። የማያምን አይመን። እኔም ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ጊዜው እሑድ ጠዋት ነው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ። ቦታው መርካቶ፣ ከተክለ ሃይማኖት ትንሽ ከፍ ብሎ ካለ አንድ ጅምር ሕንጻ ጀርባ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይዋ ወጥታ ግድግዳው ላይ አርፋለች።

ጓደኛዬ ይገረም ስልሳዎቹን የጀመረ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ገደል ሲወጣ ነው የኖረው። ማንም አስገድዶት አይደለም፤ ወዶት ነው። ሰው እሑድ እሑድ ኳስ ሲያይ እሱ ገመዱን ተሸክሞ አለት ፍለጋ ይሄዳል። እኔም ዓመታት አብሬው ወጥቻለሁ። ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ ቦርጬም ሲቀድመኝ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር አልቆጨኝም። እሱ ግን መተው አልሆነለትም።

ከተማ ውስጥ መለማመጃ ብሎ የዚያን ጅምር ሕንጻ ባለቤት አስፈቅዶ የጀርባ ግድግዳውን መወጣጫ አደረገው። ከወጣቸው ገደሎች ሥር እየለቀመ ያመጣቸውን ድንጋዮች በብሎን ግድግዳው ላይ አሰራቸው፤ እጅና እግር ማሳረፊያ እንዲሆኑ። እያንዳንዷን ከየት እንዳመጣት ያውቃል። ወጣቶችም እየመጡ ይማሩበታል። የግቢው ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው።

ከዚያ እጁ ይደነዝዝ ጀመር...

መጀመሪያ የሸሚዙን አዝራር መቆለፍ አቃተው። ሚስቱ ደብሪቱ ትቆልፍለት ጀመር።

ቀጥሎ ብርጭቆ ከእጁ እየወደቀ ይሰበር ጀመር።

አንድ ቀን የጋለ ማንቆርቆሪያ በባዶ እጁ አነሳ። መቃጠሉን ያወቀው ሲሸተው ነው።

ሐኪሙ የነርቭ ችግር ነው አለው። እየባሰ እንጂ እየተሻለው እንደማይሄድ፣ መውጣቱንም እንዲያቆም ነገረው። ይገረም ይህን ሲያጫውተኝ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። አላዘነም፤ አልተናደደም። እጁ ብቻ ሳይሆን ውስጡም የደነዘዘ መሰለኝ፤ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

ደብሪቱ ስትለምነውም ስታኮርፈውም ከርማ በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ። ከሦስተኛው ፎቅ ከፍ ብላ አንዲት ጥቁር ድንጋይ አለች። ይገረም ለወራት እሷ ጋ እየደረሰ ነው የሚወርደው፤ ከሷ በላይ እጁ አይደርስም። በዚያ እሑድ ካለፋት ይቀጥላል። ካላለፋት ቁልፉን ለሩታ ይሰጥና ለዘላለም ያቆማል። ሩታ ዱባይ ተራ ጫማ የምትሸጥ፣ ካስተማራቸው ሁሉ ጎበዟ ናት።

መርካቶ እሑድ ጠዋት ሌላ አገር ነው። ሱቁ ሁሉ ዝግ፣ ሸክም የሚተራመስበት መንገድ ባዶ። ከቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል።

ገመዱ የሚቋጠርበትን የወገብ መታጠቂያ ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ ገመዱ ከላይ ካለው ቀለበት ዞሮ ጫፉ እኔ እጅ ላይ ነው። ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት።

"ያዝከኝ?" አለኝ።

"ይዤሃለሁ። ውጣ።"

ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ ያየሁትንና እሱ በኋላ የነገረኝን አንድ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ይገረም እጁን እያየ ነበር የሚወጣው። ድሮ ድንጋዩን የሚያውቀው በመዳፉ ነበር። አሁን መያዙን የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ያያል... ጨብጧል... ሌላውን እጅ ይልካል። ዓይኑን ካነሳ መያዙን አያውቅም።

አንደኛ ፎቅ።

ሁለተኛ።

ሦስተኛ...

ጥቁሯ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ትንፋሹን ሰብስቦ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ላከ። እንደማይደርስ ያውቀዋል። ለወራት ትንሽ ሲጎድለው ነው የኖረው።

ደረሰ።

ቀና ብሎ ሲያይ እጁ ያረፈባትን ድንጋይ አላወቃትም።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ ያሰረው እሱ ነው። ይህችን ግን አላሰራትም። ብሎን የላትም። ለስላሳ ናት፤ ከግድግዳው ራሷ የበቀለች ትመስላለች።

ደግሞ ትሞቃለች...

የጋለ ማንቆርቆሪያ ያልተሰማው እጅ ነው። ይህ ሙቀት ግን ተሰማው።

"አበራ..." አለኝ በሹክሹክታ። መንገዱ ጭር ስላለ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል። "ይህችን ማን ነው ያሰራት?"

"የቷን?"

ከታች ሆኜ ሳይ ምንም አልታየኝም። እጁ ጋርዷት ነው ብዬ አሰብኩ። አለፍካት፣ ይበቃሃል፣ ላውርድህ አልኩት። እሺ አለኝ።

ገመዱን ቀስ እያልኩ መልቀቅ ጀመርኩ። አንድ ክንድ... ሁለት ክንድ...

ይገረም አልወረደም።

እግሮቹ ከግድግዳው ተላቀው አየር ላይ ናቸው። ግራ እጁ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ገመዱ ልብስ እንደሚሰጣበት ገመድ ላልቶ ረግቧል። ያ ሁሉ ሰውነት በአንድ እጅ ነው የተንጠለጠለው።

"ልቀቅ እንጂ" አልኩት።

"ለቅቄያለሁ።"

ያን ጊዜ ነው አተኩሬ ያየሁት።

ጣቶቹ ተዘርግተዋል። አምስቱም። መዳፉ ግድግዳውን ነካ አድርጎት ነው እንጂ ምንም አልጨበጠም።

ግን አይወድቅም...

"ያምሃል?" አልኩት።

"አያመኝም" አለኝ ልክ ሰዓት እንደጠየቅኩት ሁሉ።

በኋላ እንደነገረኝ፣ አንጓው ላይ አንድ ነገር ተጠምጥሞ ነበር። አይታይም። አይጎትትም። ዝም ብሎ ይዞታል። ይገረም በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን ቃል ያን ጊዜ አለ። አርጅቻለሁ፣ በቃኝ፣ ልቀቀኝ ብሎ ለመነው።

ያ ነገር ይበልጥ ጠበቀ።

ይገረም ድሮ አንድ ልማድ ነበረው። ከገደል በወረድን ቁጥር ድንጋዩን መታ መታ አድርጎ "እመለሳለሁ" ይለዋል። እኛ እንስቅበታለን። ከእነዚያ ሁሉ ገደሎች ተመልሶ የወጣው ጥቂቱን ነው። ሌላውን ዕድሜ ቀደመው።

ያን ጠዋት ከንፈሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ያንኑ "እመለሳለሁ" አለው።

ለቀቀው።

ገመዱ እጄ ላይ ተወጠረ። እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም፤ መዳፌ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለው። መሬት ሲደርስ ይገረም ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ጥቁሯን ድንጋይ ቢያልፋትም ለሩታ መሆኑ ነው።

ሩታ በሚቀጥለው እሑድ ወጥታ ጫፍ ደርሳ ወረደች። ጋሼ ይገረም እጃቸውን አሳርፈውበት የነበረው ቦታ ባዶ ግድግዳ ነው አለችኝ።

እሱ ግን ተመልሶ አልሄደም። ደብሪቱ ባሏን መልሳ እንዳገኘች ነበር የቆጠረችው። እኔም እንደዚያው።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ደብሪቱ ናት። ከስታለች። ጠበልም ሐኪም ቤትም ወስጄው ነበር፣ ምንም አላገኙበትም፣ አንተም ስታየው አትደንግጥ አለችኝ።

ይገረም መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ነበር። ቀኝ እጁ ጥያቄ እንዳለው ተማሪ ወደ ላይ ተነሥቷል። ጭኑ ላይ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተጭኗል። ደብሪቱ እህል በረንዳ ትነግዳለች፤ ጆንያው ከሱቋ የመጣ ነው።

ምን ሆነህ ነው አልኩት።

"ደህና ነኝ። አያመኝም።"

ስለ ልጆች አወራን፤ ስለ ሩታም ጠየቀኝ። ደብሪቱ እያጎረሰችው እሱ ያላምጣል። እጁን አንዴም አላወረደውም። ማውረድ እንደማይችል የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞር አለ።

"ጨምሪበት" አላት በዝግታ።

ደብሪቱ ወደ ጓዳ ገባች። ሌላ ጆንያ ወለሉ ላይ ስትጎትት ይሰማኛል።

አንገቴን ደፋሁ።

ነጠላ ጫማዎቹ ወለሉ ላይ ናቸው። እግሮቹ ከጫማዎቹ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብለዋል። ቀስ ብዬ ዓይኔን ወደ ላይ አነሳሁ... በይገረምና በወንበሩ መካከል የመስኮቱ ብርሃን ያልፋል።