ነጭ እናት፣ ጥቁር ግልገሎች

ሐጅ መትወሊ ሲሞት በእጁ ጥቁር የጥንቸል ግልገል ይዞ የነበረው ለምን ይሆን? የፖሊስ ሻምበል ሪፋት በግብፅ ጣንጣ ከተማ ከሚገኘው የሟቹ ቤት ጣሪያ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ቢወጣም መልስ አላገኘም። ሰውየው ነጯ ጥንቸል ከወለደችበት፣ ለማደሪያ ከተጋደመ እንስራ አጠገብ አናቱን በጡብ ተመትቶ ነበር የተገኘው። ጎረቤቱ ዚንሁም በግድያው ታስሯል፤ አቃቤ ሕጉም ነገ ሊከሰው ነው።

«ደግሞ መጡ?» አለች የሟቹ ሚስት ኢንሽራህ። «ጥንቸል እኮ በሙሉኪያ ወጥ ይበላል እንጂ አይመረመርም!»

«ይህችን ነጭ ከማን ወንድ ጋር አገናኛችኋት?»

«ከዚንሁም ነጭ። የወንዱ ባለቤት ከሚወለዱት ግልገሎች አንዱን ቀድሞ ይመርጣል፤ ልማዳችን ነው። ድሮ የበዩሚን ጥቁር ነበር የምናመጣው፤ በሰፈሩ ሌላ ጥቁር የለም። ሐጅ ግን ከወንድሙ ከበዩሚ ተጣላና ‹ጣሪያዬን ብትረግጥ ከአባታችን ቤት አስወጣሃለሁ› ብሎ ማለ።»

ምድር ቤት የሚኖረው በዩሚ ተጠራ። ዚንሁምን ያሳሰረው የእሱ ቃል ነው።

«ጣሪያ ከወጣሁ ዓመት አለፈኝ» አለ። «ከታች ሆኜ ነው የሰማሁት። ዚንሁም ‹ምርጫዬን ስጠኝ› ይላል፤ ወንድሜ ‹አልሰጥም› ይላል።»

«ሁለት ነጮች እንዴት ጥቁር ወለዱ?»

«ምኑ ይገርማል ባሻ? ከጥቁር ነጭ ሲወለድ ስንቴ አይተናል! ቀለም ይደበቃል።»

ኢንሽራህም «እውነቱን ነው» አለች። ሪፋት ጥርሱን ነከሰ። ሰፈሩ ሁሉ ይህንኑ ብሎታል፤ አቃቤ ሕጉም በስልክ ስቆበታል። ቁጢጥ ብሎ የእናቲቱን ዓይን አየ፤ ቀይ ነው። ወደ ዚንሁም ጣሪያ ተሻግሮ የወንዱንም አየ። እሱም ቀይ።

ከሰዓት በኋላ ዚንሁም በካቴና ታስሮ መጣ፤ ሁሉም እንስራውን ከበው ቆሙ።

«ቀለም ይደበቃል፤ እውነት ነው» አለ ሪፋት። «እያንዳንዷ ጥንቸል አንድ ቀለም ከእናት፣ አንድ ከአባት ትወርሳለች። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ ከሆነ ጥቁሩ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሁለት ጥቁሮች ነጭ ሊወልዱ ይችላሉ። ዓይነ ቀይ ነጭ ግን ከሁለቱም ወገን ነጭ ነው የወረሰው፤ የሚደብቀው ጥቁር የለውም። ሁለቱ ሲገናኙ ነጭ ብቻ ይወልዳሉ።»

«ታዲያ አባታቸው የኔ ወንድ አይደለማ!» ዚንሁም ጮኸ። «የሰው ግልገል ልምረጥ ብዬ እጣላለሁ?»

«ያንተ አይደለም» አለ ሪፋት። «በዩሚ፣ በሰፈሩ ጥቁር ያለህ አንተ ብቻ ነህ፤ ዓመት አልወጣሁም ብትልም ወንድህን ይዘህ እዚህ ወጥተሃል። ሐጅ ግልገሎቹን ሲያይ ገባው። አንዱን አንስቶ ‹ይሄ የማን ነው?› ሲልህ ከቤት መባረርህ ታየህና በጡብ መታኸው።»

ኢንሽራህ ወደ በዩሚ ዞረች። «ወንድ ጥንቸሌ ተናቀ ብለህ ነው፣ አንተ ከይሲ?»

በዩሚ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወዲያው ግን ሳቀ። «ባሻ፣ ፍርድ ቤት ጥንቸል ልታስመሰክር ነው?»

አጃቢ ፖሊሶቹም ሳቃቸውን ዋጡ። ያለ አቃቤ ሕጉ ቃል እስረኛ አይለቀቅምና ዚንሁምን መልሰው ወደ መኪናው ወሰዱት። ሪፋት እዚያው ጣሪያው ላይ ቆሞ ለአቃቤ ሕጉ በስልኩ ጻፈ፦ «ምስክሩ ዋሽቷል፤ ገዳዩም እሱ ነው። ዚንሁም ይለቀቅ። እባክዎ ዛሬውኑ ይመልሱልኝ።»

መልእክቱ መነበቡን አየ።

ዚንሁም ከታች በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ምን አሉ፣ ባሻ?» ሲል ጮኸ።

መኪናው ሄደ። በዚያ ቀን ከአቃቤ ሕጉ መልስ አልመጣም፤ ክሱ በሚመሠረትበት በማግስቱም።