ጥቁሮቹ ብሎኖች

ካቻቪቴው ለሦስተኛ ጊዜ አንሸራተተና የአውራ ጣቷን ቆዳ ላጠው።

«ኤጭ!» አለች ሚስማር። ካቻቪቴውን ደረጃው ላይ ወረወረችና ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። ጭራሽ ራሱ ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ተበልቶ ክብ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ከእንግዲህ ካቻቪቴ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ከጠዋት ጀምሮ ታግላ ሦስት አወጣች፤ ሃያ ዘጠኝ ይቀራታል።

ሚስማር እውነተኛ ስሟ አይደለም። ቀጭን ስለሆነችና አንዴ የያዘችውን ስለማትለቅ አናጢዋ እናቷ ያወጣችላት ነው። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ክፍል ውስጥም በሌላ ስም የሚጠራት የለም።

የተንበረከከችበት ደረጃ የጎረቤታቸው የሲስተር ነው። ሲስተር ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም ሰፈሩ እስከ ዛሬ በነርስነታቸው ይጠራቸዋል። ዳሌያቸውን ከታመሙ ወዲህ ልብስ ለማስጣት ወደ ጓሮ መውረድ ጭንቅ ሆኖባቸው ነበር። ስለዚህ ሚስማርና አፉ ስለማይዘጋ ሬዲዮ የተባለው የክፍል ጓደኛዋ ለእጅ ሥራ ፈተናቸው የእንጨት መደገፊያ ሠሩላቸው። እንጨቱን እናቷ ቆረጠችላቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ራሳቸው ላጉት፣ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ በሠላሳ ሁለት ብሎን አሰሩት። ሲያልቅ እንኳን ለጓሮ ለቤተ መንግሥትም ያንሰዋል የሚባል አልነበረም።

ይህ የሆነው ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። መምህራቸው ግን ያን ቀን አላረሙም። «ዛሬማ ቆንጆ ነው። ባለቀ ቀን የማያምር ሥራ አይቼ አላውቅም። ዝናብ ይምታውና ተመልሼ አያለሁ» ብለው ሄዱ።

ዝናቡ መታው። አሁን ከየብሎኑ ራስ ሥር ቡናማ የዝገት መስመር በነጩ ቀለም ላይ ወርዷል። መምህሩ የሚመጡት ነገ ነው።

ጠዋት ይህን ስታይ ደሟ ፈልቶ ነበር። አንዱን ብሎን በስንት መከራ አውጥታ ወደ ብሎን ሻጩ ሱቅ ገሰገሰች።

«ጋሼ፣ ለዝናብ ብለው የሸጡልን ይሄንን ነው?» ብላ የዛገውን ብሎን ጠረጴዛቸው ላይ ቁጭ አደረገችው።

ሻጩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ብሎኑን አገላበጡት። «ለማን ነው የሸጥኩት?»

«ለጓደኛዬ። የእናቴን ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። የተጻፈው የለም፣ ይሄም ያው ነው ብለው ሰጡት።»

«የእናትሽ ጽሕፈት ይጠፋኛል? ያን ወረቀት ዓይኔ አላየውም። ደግሞ ይሄንን ለውጪ ሥራ ከምሸጥ ሱቄን ብዘጋ ይሻለኛል።»

ሻጩ ግን አልተቆጡም፤ ከየሳጥኑ ሌሎች ሦስት ብሎኖች እያነሱ ከዛገው አጠገብ ደረደሩላት።

«የብሎን ነገር ቆዳው ላይ ነው» አሉ። «ይሄ የአንቺው ጥቁሩ ለቁም ሳጥን ነው፣ ለቤት ውስጥ። ጥቁረቱ ቀለም እንዳይመስልሽ፤ ዘይት የያዘች ስስ ሽፋን ናት፣ ዝናብ ሲያጥባት አለቀላት። ይሄ የሚያብለጨልጨው በስሱ ዚንክ የተለበጠ ነው፤ ለወጥ ቤት መደርደሪያ ጥሩ ነው፣ ውጪ ግን ብዙ አይከርምም። ይሄኛው አይዝጌ ነው። ሽፋንም አያስፈልገው፣ ብረቱ ራሱ አይዝግም። ግን በምትፈልጊው ቁመት የለኝም። ይሄ የመጨረሻው በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ነው። እናትሽ ለውጪ ሥራ የምትወስደው ይሄንን ነው።»

ሚስማር አነሳችው። ሻካራ ነው፤ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ደብዝዟል፣ ራሱ ላይ ዚንኩ ተጓጉሏል።

«ያስጠላል» አለች ሳታስበው።

«መልክስ የለውም» አሉ ሻጩ ሳጥኑን እየሳቡ። «ስንት ልቁጠርልሽ?»

ሠላሳ ሁለት ሻካራ ብሎን ገዝታ ወደ ሲስተር ጓሮ ስትመለስ ከሄደችበት የባሰ ተናዳ ነበር። የተናደደችው በሬዲዮ ብቻ ቢሆን እንዴት በቀለላት! ግን ብሎኑ ይገዛ በተባለበት ቅዳሜ ወረቀቱን ከእናቷ እጅ የተቀበለችው እሷ ናት። እንቅልፏን ለመጨረስ ብላ ለሬዲዮ ያቀበለችው እሷ ናት። ጥቁሮቹ ብሎኖች በነጩ እንጨት ላይ አምረው ሲታዩዋት አንድ ጥያቄ እንኳ ሳትጠይቅ ያሰረችውም እሷው ናት።

የአጥሩ በር ተንቋቋና ሬዲዮ በአንድ እጁ የነጭ ቀለም ቆርቆሮ፣ በሌላው ቡሩሽ ይዞ ገባ።

«መላ ተገኘ! ዝገቱን ከነገርሽኝ ጀምሮ ሳስብ—»

«ያን ቅዳሜ ሱቁ ሄደህ ነበር?»

ሬዲዮ ጣቢያው ጠፋበት። ቆርቆሮውን መሬት አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ።

«ጨዋታ ነበረብኝ» አለ በመጨረሻ። «ቁም ሳጥን ከሚሠራው አጎቴ ወሰድኩ። ብሎን ብሎን ነው ብዬ ነዋ!»

«ሻጩን እኮ ልጣላቸው ነበር!»

«እሺ አጠፋሁ። አታካብጂ አቦ! የብሎኖቹን ራስና መስመሩን ብንቀባው በአንድ ሰዓት ያልቃል። ቲቸር አይቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለን እንቀይራለን።»

«ከዚያ በኋላ መቼ?»

«ከዚያ በኋላ ነዋ።»

የሚስማር ጣት ይጠዘጥዛል፤ ጉልበቷ ደንዝዟል። ቡሩሹን ከእጁ ነጥቃ የመጀመሪያውን ራስ ቀባችው። ጠፋ። ሁለተኛውን ቀባች፤ ጠፋ። ሦስተኛውም። ጠዋቱን ሙሉ ቆዳዋን ያስላጣት ነገር በሦስት ጭረት ጠፋና ይህ ራሱ አናደዳት።

«አየሽ? ነፍስ ነው!» አለ ሬዲዮ።

አራተኛው ብሎን ከደረጃው አናት ላይ፣ መደገፊያው ከቋሚው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ራሱ ላይ የዝገት ቅርፊት ስለነበረ ከመቀባቷ በፊት ልታራግፈው በፒንሳ ያዘችው። ትንሽ ጠምዘዝ ስታደርገው ቀጭ አለ። የብሎኑ ራስ ፒንሳው ውስጥ ቀረ። ገላው እንጨቱ ውስጥ ነው።

ሬዲዮ ጎንበስ ብሎ አየው።

ከወጥ ቤቱ መስኮት የውሃ ድምፅ ይሰማል። ሲስተር ልብስ እያለቀለቁ ነበር። ሲጨርሱ ከደረጃው አናት ባለው በር ይወጣሉ፤ ያ ከባድ ሰውነታቸው በሙሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚሁ ላይ ነው።

«አንዱ ቢሰበር ምን ችግር አለው፣ ሌሎቹ ይይዙታል» አለ ሬዲዮ። ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር።

ሚስማር ቡሩሹን ቆርቆሮው ላይ አጋደመችና ተነሳች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ሚስማር! ነገ ለቲቸር ምን ልንለው ነው?»

«አላውቅም» አለች። በሩን አንኳኳች።

ሲስተር እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከፈቱ። «አንቺ ነሽ እንዴ የኔ ልጅ? ምነው፣ አለቀ?»

«አላለቀም ሲስተር። መደገፊያውን እንዳይይዙት። ብሎኑ ለዝናብ የሚሆን አይደለም፣ ዝጎ እየተሰበረ ነው።»

«ማነው እንዲህ ያለ ብሎን ያስገባበት?»

ሬዲዮ ከኋላዋ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማችው።

«እኛ ነን» አለች። «ሁሉንም እናወጣዋለን።»

«ነገ አይደል እንዴ መምህራችሁ የሚመጣው?»

«ለነገ አይደርስም።»

ሲስተር አንዴ የቆሰለ ጣቷን፣ አንዴ ሬዲዮን፣ አንዴ ሦስቱን ትኩስ የቀለም ጠብታዎች አዩ። ወደ ውስጥ ገብተው የታጠበ ልብስ የሞላ ሳፋ ይዘው መጡ። ሚስማር ተቀበለቻቸው። ውሃው ገና አልተንጠፈጠፈም፤ ከባድ ነበር። በሁለት እጇ አቅፋው፣ መደገፊያውን ሳትነካ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በእግሯ እየዳበሰች ወረደች።