በእናቷ ስም የተጠራው ስጦታ

አማረች በመልካሳ ከተማ የሰው ልብስ እያጠበች አንድያ ልጇን ጋዲሴን ብቻዋን አሳደገች፤ አስተምራም አዳማ ለባንክ ቤት ሠራተኝነት አበቃቻት። በኋላ ስኳር በሽታ ያዛት፤ ዓይኗም እየደከመ ሄደ። መድኃኒት መግዣ ቢቸግራትም ለልጇ አልነገረችም፤ የሰፈሩ እድር በየወሩ ሊገዛላት ወሰነ። ልጇ ልትዳር መሆኑን የሰማች ዕለት ግን ሕመሟን ረሳችው! አቡጀዲ ገዝታ አንድ የአልጋ ልብስና ሁለት የትራስ ልብስ በእጇ ትጠልፍ ጀመር። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ወፎች፣ ከሥራቸው «መልካም እንቅልፍ» የሚል ጽሑፍ፣ ዙሪያውን ቀይ አበባ። የመርፌው ቀዳዳ አይታያትምና ጎረቤቷ ጉዲቱ በየጠዋቱ ወደ ገበያ ከመሄዷ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብታ መጋረጃው ላይ ትሰካላታለች። አሥሩ ክር ካለቀ የዚያ ቀን ሥራ አበቃ ማለት ነው። ጣቷ ስንት ጊዜ ተወግቶ ይሆን?... እሱን ማን ልብ ብሎት!

ሠርጉ ወር ሲቀረው ጋዲሴ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ጥልፉን አየችው። ፊደሉ ወደ ታች አዘንብሏል፤ አንደኛዋ ወፍ ከሌላዋ ትበልጣለች። «ያምራል እማዬ» አለች። ያለው አፏ ነው፤ ልቧማ አዳማ፣ የሠርጉ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የእጮኛዋ የምንተስኖት ቤተሰቦች የታወቁ ነጋዴዎች ናቸው። በዚያ ዓይነት ሠርግ ላይ ደግሞ ስጦታ ዝም ተብሎ አይሰጥም፤ አስተዋዋቂው ማይክ ይዞ የሰጪውን ስምና ያመጣውን ዕቃ አንድ በአንድ ይጠራል። የሙሽሪት እናት የትራስ ልብስ ተብሎ ሲጠራ፣ አማቷ ከእህቶቿ ጋር ስትተያይ ገና ካሁኑ ታያት፤ ፊቷ ጋለ። በዚያው ሳምንት ካጠራቀመችው ደመወዝ ፍሪጅ ገዛች። አስተዋዋቂውንም በእናቷ ስም እንዲጠራው አደራ አለችው። ለእናቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። እንዴት ብላ ትንገራት?

የሠርጉ ዕለት አማረች ጥልፉን የያዘ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስሟ ሲጠራ ልትነሳ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች። ተጠራም። «የሙሽሪት እናት ወይዘሮ አማረች፣ ለልጃቸው ባለ ሁለት በር ፍሪጅ!» አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። አማረች ሌላ አማረች ያለች መስሏት ዞር ዞር አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሙሽሮቹ መለሰች። ጋዲሴ አንገቷን ደፍታ ቬሏን ታስተካክላለች። ቢሆንም አየች... እናቷ ፌስታሉን በእግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ስትገፋው አየች! አማረች ተነሳች፤ ለሕዝቡ እጅ ነስታ ተቀመጠች። ምን ታድርግ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጇን ታዋርዳት?

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋዲሴ መልካሳን ፈራችው። መንገዱ የአጭር ጊዜ የታክሲ ጉዞ ነው፤ ለእሷ ግን ባሕር ማዶ ሆነባት። በምን ዓይኗ እናቷን ትያት? በስልክ ብቻ ትጠይቃታለች፤ እናቷም «ደህና ነኝ፣ ገለቶሚ ልጄ» ብላ ታመሰግናታለች። ስለ ፍሪጁ አንዳቸውም አያነሱም። እንዲህ እያሉ ዘጠኝ ወር አለፈ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ወሬው ከሠርገኞቹ ቀድሞ መልካሳ ገብቶ ነበር። ከሁሉም የከፋት ጉዲቱ ናት። እኔ ክር እያስገባሁላት እሷ ለካ ገንዘብ ደብቃ ኖሯል ብላ እግሯን ሰበሰበች፤ ቅሬታዋንም ለእድሩ ተናገረች። ሰብሳቢው አቶ ነገሪ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አማረችን አስጠርተው ፍሪጁን የሰጠችው እሷ መሆን አለመሆኗን ጠየቋት። አዎ፣ እኔ ነኝ አለች። እስቲ ፍረዱ! በዚያው ወር የመድኃኒቱ ድጋፍ ለሌላ ችግረኛ ተላለፈ። አማረችም የቀራትን መድኃኒት አንድ ቀን እየወሰደች፣ አንድ ቀን እየተወች ከረመች።

በመጨረሻ አማረች አልጋ ላይ ስትውል ጉዲቱ ራሷ ደውላ ጋዲሴን ጠራቻት። በር ላይ ጠብቃ የእድሩን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻትና፣ አንቺን ለማኩራት ብላ ራሷን ገደለች ስትል ወቀሰቻት። ጋዲሴ እውነቱን ሳትነግራት አልፋት ገባች። እናቷ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ አልጋው ላይ ተጋድማለች።

«ለምን አልተናገርሽም፣ እማዬ?»

«ምን ብዬ ልናገር፣ ጋዲሴ ኮ፣ ጋዲሴዬ? ልጄ አፈረችብኝ ብዬ?» እጇን በዳበሳ ፈልጋ ያዘቻት። «አትዘኚ። ወፎቹም እኮ እኩል አልመጡልኝም ነበር።»

አዳማ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ግን ረፍዶ ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የምንተስኖት ቤተሰቦች ከፊት ተቀምጠዋል። አቶ ነገሪ ተነስተው የሟችን ደግነት ተናገሩ፤ ከሌላት ላይ ፍሪጅ ገዝታ ልጇን ያከበረች እናት ናት እያሉ አመሰገኗት። ለቀስተኛው ራሱን እየነቀነቀ አለቀሰ። ጋዲሴ ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? ከዘመድ ወገን ምስጢሩን የምታውቀው አንዷ ሰው መቃብር ወርዳለች። አማቷ ከፊቷ ነች፤ ባሏ ከጎኗ ነው። ተነሳች።

«እናቴ ፍሪጅ አልሰጠችኝም። የገዛሁት እኔ ነኝ። እሷ በእጇ ጠልፋ ባመጣችልኝ አፍሬ ነው።»

አቶ ነገሪ ቆባቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ምንተስኖት ሚስቱን እንደማያውቃት ሰው ቀና ብሎ አያት። ጉዲቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«እኔስ?» አለች። «የቤቷን ችግር እያወቅሁ የማይክ ወሬ አመንኩ።»

ሰዉ ሁሉ ዕድሏ ነው፣ የተጻፈላት ነው እያለ ተበተነ። እንዲያ ማለት ለሌላ ሰው ይቀላል። ለጋዲሴ ግን አልቀለላትም። እናቷ ብትረግማት፣ ብትሰድባት፣ ቢያንስ ብትጠይቃት ምናለ?... አማረች ግን ይቅርታ ሳትጠየቅ ይቅር ብላት ሄደች፤ ጋዲሴን እስከ ዛሬ አንገቷን የሚያስደፋት ይኸው ነው።