ከጉልበት ልክ የተቆረጠ ግራር

በ፲፱፻፵፰ ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት መባቻ፣ ከአምቦ ወደ ጉደር ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ሣር የሚባል ጠፍቶ ነበር፤ የፊታውራሪ ደግፌ ከብቶች የጎድን አጥንታቸው ገጥጦ በግራር ቁጥቋጦ መካከል ይንከራተቱ ነበር። ጥፋቱ የባለመሬቱ የራሳቸው ነው፤ ከስምንት ዓመት በፊት መስኩን ሲይዙት፣ ባላገሩ በየሁለት ዓመቱ በየካቲት ቁጥቋጦውን የሚያቃጥልበትን ልማድ፣ እሳቱ አዳራሼን ይበላል ብለው ከለከሉ።

ያን ጊዜ ኦልጅራ የሚባለውን ከብት አርቢ ከአባቱ መስክ አባረሩት፤ ዐሥራ አራት ላሞቹም ግጦሽ አጥተው በአንድ በጋ አለቁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ፊታውራሪ ሣር የሚያውቅ ሰው ፈልገው እርሱኑ ሲያስጠሩት ልቡ በደስታ ዘለለ።

«ኦቦ ኦልጅራ፣ ይህን እሾህ ምን ያጠፋዋል?» አሉት።

ግራር ሥሩ ካልተማሰ፣ ጉቶው ካልተቃጠለ፣ መስኩም ሁለት ክረምት ካላረፈ እንደማይጠፋ ያውቅ ነበር። እጅ ነሥቶ ግን፣ «ጌታዬ፣ ዝናብ ሳይጥል ከጉልበት ልክ ያስቆርጡት፤ ሌላ አያሻውም» አለ።

ጭሰኞቹ ሃያ ቀን ሙሉ ቆረጡ። የኦልጅራ ሚስት ጌጤነሽ፣ እንዲያ የተቆረጠ ግራር አንዱ ዐሥር ሆኖ እንደሚበቅል ታውቃለችና፣ በልጃቸው ስም ጠርታ፣ «አባ ጉርሙ፣ ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» አለችው። አልሰማትም።

ክረምቱ ወጣ፤ በሁለተኛው ዓመት መስኩ ጥጃ የማያሳልፍ ጫካ ሆነ። የፊታውራሪ ከብት አለቀ፤ ኦልጅራም ጥንብ አንሳው ሲያንዣብብ ከኮረብታ ላይ እያየ ጠገበ። በዚያው መስክ ዳር ይግጡ የነበሩት የጭሰኞቹ ላሞችም አብረው አለቁ፤ ይህን አላሰበውም ነበር።

ፊታውራሪ ሞኝ አልነበሩም። በ፲፱፻፶፩ ወደ አምቦ ከተማ ጠቅልለው ሲገቡ ኦልጅራን በሽማግሌዎች ፊት አስጠርተው፣ «ምክርህ ቆይቶ ገባኝ። መስኩ የአባትህ ነበር፤ ከነእሾሁ ውሰደው» አሉት።

ወሰደው። ላሞቻቸው ያለቁባቸውን ጎረቤቶቹን ቀና ብሎ ለማየት እያፈረ፣ ዐሥራ አራት ዓመት የግራሩን ሥር በዶማ ማሰ፤ በላሞቹ ቁጥር መሆኑ ነው። በ፲፱፻፷፭ ሲሞት የመስኩ ሢሶ ሣር ለብሶ ነበር፤ በኑዛዜውም ግጦሹን ለእነዚያው ጭሰኞች ተወላቸው።

ኋላ የአገሩን ታሪክ ያጠናቀረ አንድ ሰው፣ ፊታውራሪ ደግፌን መሬታቸውን ለባላገር የለገሱ ቸር፣ ኦልጅራንም ቆላውን ሣር ያለበሰ ብልህ ብሎ ጻፈ። ጌጤነሽ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ እርሷን የጠየቃት ግን የለም።