የላክሰን ካፔምብዋ ጫማ

ላክሰን ካፔምብዋ በማለዳ፣ ገና ጣሪያ ካልለበሰው ፎቅ ቤት ሥር፣ ከእንጨት መወጣጫው ግርጌ ሞቶ ተገኘ። ወሬው የንዶላን ከተማ ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ወዲያው ሌላ ወሬ ተከተለ፤ ከላይ የገፈተረው ታናሽ ወንድሙ ሙሶንዳ ነው የሚል።

በዋዜማው ሙሶንዳ በግንበኞቹ ሁሉ ፊት «ከዚህ ከፍታህ ስትወርድ ሳላይ አልሞትም» ብሎት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀናበት ኖሯል። ላክሰን ኳስ ሲጫወት አገር ዘፈነለት። ጉልበቱ ተሰብሮ አበቃለት ሲባል ደግሞ ቤት እየሠራ መሸጥ ጀመረና ከበፊቱ ይልቅ ከበረ። ሙሶንዳ የሚነዳው የእሱን የሲሚንቶ መኪና ነው። አሁን ዘመዶቹ ከልቅሶው ቤት በር ላይ መልሰውታል፤ ንጹሕነቱ ካልተረጋገጠ ነገ ወንድሙን አይቀብርም።

መርማሪዋ ቾልዌ ሞንጋ አጭር፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሬሳው ሳይነሳ ተንበርክካ የሟቹን ሸራ ጫማ ብቻ ስታይ ቆየች። ከዚያ ሦስት ሰዎች አስጠራች፤ ሚስቱን ካሱባን፣ ሙሶንዳን፣ እንዲሁም የግንባታውን አለቃ ንሶፍዋን። ንሶፍዋ ላክሰን በተጫወተበት ቡድን በረኛ የነበረ ሰው ነው።

«መወጣጫው ላይ ስለምንወጣ እነዚህን የሥራ ጫማዎች አድርጉ» አለቻቸው።

ካሱባ ማሰሪያውን እንደ ነገሩ ቋጥራ ትርፉን ወደ ውስጥ ወተፈችው። ሙሶንዳ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠመጠመው። ንሶፍዋ ከሶሉ ሥር አሳልፎ በጎን በኩል አሰረው። መርማሪዋ ሦስቱንም አየችና «ተዉት፣ አንወጣም» አለች። ሙሶንዳ ሴትዮዋ የምትሠራውን የማታውቅ መሰለው፤ ፍርሃቱም ባሰበት።

መጀመሪያ ካሱባን ጠየቀቻት። «እትዬ፣ ባለቤትዎ ጫማቸውን እንዴት ነበር የሚያስሩት?»

«መች ያስራል? ጉልበቱ አይታጠፍም። እኔ አላልቼ እቋጥርለትና ሳይፈታው ያጠልቃል፣ ያወልቃል።»

«የት የት ነው የሚያወልቁት?»

«ለገዢ በሚያሳየው ቤት በር ላይ። ወለሉን በቀይ ሰም አስወልውሎ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ካልሆነ ሰው አያስገባም። እኔን ሚስቱን እንኳ።»

ቀጥሎ ሙሶንዳ ገባ።

«ትቀናበት ነበር?»

«ማን የማይቀናበት አለ?»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ አንተ ነው።»

«እቀና ነበር። ስሙ ሲጠራ ያመኝ ነበር» አለ ሙሶንዳ። «ግን አልነካሁትም።»

«አንተስ ኳስ ተጫውተሃል?»

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ አናደደው። «እናታችን መግዛት የቻለችው አንድ የኳስ ጫማ ነው። ለእሱ ሆነ። እኔ በሰፈር እንኳ አልተጫወትኩም።»

ንሶፍዋ ግን ተረጋግቶ ፈገግ ይል ነበር። «ዝናቡ ሲጀምር ቤቴ ገባሁ። ላክሰን ወንድሜ ነው፣ እቴ። እኔ ከኋላ ስጠብቅለት ነው እሱ ከፊት የነገሠው።»

«ላክሰን እዚህ የሚሠራውን አዲስ መንደር መንገዶች በጓደኞቹ ስም እንደሰየማቸው ሰማሁ። ያንተ የቱ ነው?»

«የኋለኛው» አላት፤ ከዚያ ወዲያ ፈገግ አላለም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም፣ የሟቹንም አክስት ጨምራ፣ ያንኑ ለገዢ የሚታየውን ቤት አስገባቻቸው። ሁሉም በካልሲ በሚያብረቀርቀው ቀይ ወለል ላይ ቆሙ። አክስቲቱ ከሙሶንዳ ራቅ ብለው ቆሙ።

«ላክሰን ከፎቅ አልወደቀም» አለች ቾልዌ። «የጫማው ማሰሪያ ከሶሉ ሥር አልፎ ታስሯል። ትናንት ዝናብ ነበር፤ ግቢው ጭቃ ነው። ከሥር ያለፈው ማሰሪያ ግን ነጭ ነው። አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመደበትም። ስለዚህ ጫማውን ያደረጉለት ከሞተ በኋላ ነው።»

«ታዲያ የት ሞተ?» አሉ አክስቲቱ።

«እግርዎን ያንሱና ካልሲዎን ይዩት፣ እማማ።»

ያነሱት ካልሲ ሥሩ ቀልቷል።

«የእሱም ጫማው ውስጥ ያለው ካልሲ እንደዚህ ነው። የሞተው እዚህ፣ ጫማውን አውልቆ ነው። የዚህ ቤት ቁልፍ ከሟቹ ሌላ ያለው ከእናንተ ከሦስታችሁ ጋር ነው። እትዬ ካሱባ ያን የሚያህል ሰው ተሸክመው መወጣጫው ድረስ አያደርሱም። ሙሶንዳ ጉልበቱ አለው። ግን ጫማ እንዴት እንደሚያስር ጠዋት አይተናል። ማሰሪያን ከሶል ሥር አሳልፎ በጎን የሚቋጥር፣ ኳስ ሲመታ ቋጠሮው እንዳይከለክለው የለመደ ሰው ነው። ሬሳ ኳስ አይመታም፤ እጅ ግን የለመደውን ይሠራል።»

ሁሉም ወደ ንሶፍዋ ዞሩ። እሱ እጆቹን አየ።

«እንዳይወልቅበት ብዬ ነው» አለ።

«ምን አደረገህ?» አለች ካሱባ።

«ለተቀያሪ ተጫዋች ሳይቀር ትልቅ መንገድ ሰጠ። የእኔን ስም ቆሻሻ መጣያው ጋ በሚያደርሰው ቅያስ ሰቀለው። ለምን ስለው ‹በረኛ ቦታው ከኋላ ነው› ብሎ ሳቀብኝ። በዋንጫው ቀን እሱ አንድ ግብ አገባ፤ እኔ ፍጹም ቅጣት ምት አዳንኩ። የተዘፈነው ግን ለእሱ ብቻ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ለእሱ ብቻ። ገፋሁት። ሰሙ አንሸራተተውና ጭንቅላቱን የዚህ ቤት ደረጃ መታው።»

ሙሶንዳ ሊሰድበው አፉን ከፈተ። ግን ሰውዬው ከተናገረው ውስጥ እሱ ራሱ ያላሰበው አንድ ቃል አጣ።

ንሶፍዋን ሲወስዱት ሙሶንዳ ወደ መርማሪዋ ጠጋ አለ። «እኔም እኮ እንዲሞት የተመኘሁበት ቀን አለ» አላት።

«ምኞት አላስርም» አለችው። «ሂድ፣ ወንድምህን ቅበር።»

በማግስቱ አክስቲቱ ራሳቸው እጁን ይዘው የሬሳ ሳጥኑን የፊት እጀታ አስያዙት። መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቷል፤ ሱቁ ተዘግቷል፣ ሽማግሌ ሳይቀር ያነባል። ሙሶንዳ ሰዉን አየና ለእኔ ግማሹ እንኳ ይወጣ ይሆን ብሎ አሰበ። ቅናቱ እንደ ድሮው ተነሳበት። ያኔ በራሱ አፈረና፣ ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።