አራት አኃዝ በባርናቢ መለያ ላይ

ሜርል ሆኪንግስ ባላራት ከተማ ባለው ቤቷ ደረጃ ሥር ሞታ ስትገኝ፣ በጭብጧ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ይዛ ነበር። ጎረቤቱ ሳይጠየቅ ፈርዷል። ገዳዩ አብሯት የሚኖረው የወንድሟ ልጅ ኬልቪን ነው፤ ቤቱንም ለእያንዳንዳቸው ስም ያወጣችላቸውን ሁለት መቶ የጨርቅ ድብ አሻንጉሊቶቿንም የሚወርስ እሱ ነዋ።

ሳጅን ቩላ ካራስ ግን የጎረቤት ፍርድ አይጥማትም። ቤቱን አሸገች፤ ጨርቋንም አየች። ከአንዱ ድብ ጀርባ ስፌት የተቆረጠች፣ የፋብሪካ አድራሻ ያለባት መለያ ናት። የየትኛው ድብ እንደሆነች ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

«ከአክስትህ ጋር ትጣላ ነበር አሉ» አለችው ኬልቪንን።

«በየቀኑ። ድቦቹ ሶፋ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ ነበርን» አለ። «ያን ቀን ሥራ ስወጣ ‹ዛሬ አንዱን ሊቅ ፊደል አስቆጥረዋለሁ› ብላኝ ነበር። ሳጅን፣ እኔን ልታስሪኝ ነው?»

«ገና ነው።»

ሊቁ ሮይስ ታንዲ ነው። የድብ ሰብሳቢዎች ማኅበር አንድ ድብ መቼ እንደተሠራ የሚያምነው እሱ መለያውን አይቶ ሲፈርድ ብቻ ነው። ሰውየው ወንበር ላይ እንኳ የሚቀመጠው ሐውልት ሊቀረጽለት እንደሆነ ሁሉ ተኮፍሶ ነው።

«ሜርልን ከፋሲካ ወዲህ አላየኋትም» አለ።

«በእጇ የድብ መለያ ነበር።»

«እህቴ፣ ይህ ለፖሊስ ጭንቅላት ይከብዳል። የባርናቢ መለያ በጥገና ጊዜ ተቀይሮ ይሆናል። ድቡ ግን የ1936 ነው። እኔ ብያለሁ፣ አለቀ።»

ቩላ በሆዷ ናቀችው፤ በአፏ ግን አመሰገነችው።

በማግስቱ ኬልቪንንና ሮይስን፣ የማኅበሩን ሊቀ መንበር ግሌኒስ ኦርፕዉድንም ሜርል ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሟቿ አርባ ዓመት ፖስታ ቤት ሠርታለች» ብላ ጀመረች። «የባርናቢ መለያ ላይ አድራሻው በ3056 ያልቃል። ይህ የአካባቢው የፖስታ ኮድ ነው፤ ኮድ ደግሞ አገራችን የገባው በ1967 ነው። የ1936ቱ ድብ ኮዱን በሕልሙ አይቶት ይሆን?»

«ሮይስ እኮ አረጋግጦታል» አለች ግሌኒስ።

«አረጋግጧል፣ አላነበበውም እንጂ። ጥገና የሚባልም የለም፤ የጀርባው ስፌት ከተሠራ ጀምሮ አልተፈታም። ሜርል ሮይስን ጠርታ ስሕተቱን አሳየችው። መለያውን ቆርጦ ሊወስድ ሲል ነጠቀችው፣ ታገሉ፣ ገፋት።» ወደ ሮይስ ዞረች። «እኔ መለያ አልኩህ እንጂ የየትኛው ድብ እንደሆነ አልነገርኩህም። ከፋሲካ ወዲህ እዚህ ካልመጣህ፣ ባርናቢን ከየት አመጣኸው?»

ሮይስ ያየው ኬልቪንን አይደለም፤ ግሌኒስን ነው።

«እሺ፣ ገፍቻታለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የኮዱን ነገር ግን ለአባላቱ አትንገሪ፣ ግሌኒስ። እባክሽ።»

«አክስቴን ገድለህ የምታፍረው በቁጥር ነው?» አለ ኬልቪን።

ቩላ የሮይስን የእምነት ቃል ስትጽፍ ከኮዱ ጀመረች።